የተገለበጠው መጽሐፍ፦ የፍለጋ ማውጫን ከፍቶ የማየት ታሪክ

አንድ ሰው በመፈለጊያ ሳጥን ውስጥ ቃል ጽፎ «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ ሲደርሰው ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ የሚፈልገው ነገር በእርግጥ የለም፤ ወይ አለ፣ ግን በሌላ መልክ ተመዝግቧል። ስክሪኑ ላይ ሁለቱ አይለዩም። ፈላጊው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ይዞ ይሄዳል። ተማሪው «በዚህ ርዕስ የተጻፈ የለም» ብሎ ይደመድማል። ጋዜጠኛው ሰነዱ የለም ይላል። ባለጉዳዩ ፋይሉ ጠፍቷል ተብሎ ይመለሳል።

ሁለቱን ለመለየት የሚያስችለው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ማውጫውን ከፍቶ ማየት። አብዛኛው የፍለጋ ፕሮግራም ሲጠየቅ ሰነዶቹን አንድ በአንድ አያነብም። ቀደም ብሎ ያዘጋጀውን ማውጫ ነው የሚያነበው። በማውጫው የሌለ ነገር ለፈላጊው በዓለም ላይም የለም። ስለዚህ «ማውጫው ውስጥ ምን ተጻፈ?» የሚለው ጥያቄ የባለሙያዎች ብቻ ጉዳይ አይደለም። ታሪኩም ከኮምፒውተር በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል።

ቁጥር ብቻ የያዙ ገጾች

ዐድዋ አጠገብ በሚገኘው የአባ ገሪማ ገዳም የተጠበቁት ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተዘጋጁ ታውቋል። ከወንጌሉ ቃል አስቀድሞ በዓምድና በቅስት ያጌጡ ገጾች አሏቸው። ጎብኚ የሚያደንቀው ሥዕሉን ነው። በዓምዶቹ መካከል የተጻፈው ግን ቁጥር ነው። አውሳብዮስ ዘቂሣርያ በ4ኛው ክፍለ ዘመን አራቱን ወንጌሎች በተራ ቁጥር ከፋፍሎ በ10 ሰንጠረዦች አሰናዳቸው። ማቴዎስ የተረከው ነገር በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ የት እንደሚገኝ ቁጥሮቹን አግድም እያነበቡ ማግኘት ይቻላል። ሰንጠረዡ ውስጥ ታሪክ የለም፤ አድራሻ ብቻ ነው ያለው። መጽሐፉን ሳያነብ መጽሐፉን የሚመራ ገጽ በኢትዮጵያ ምድር ይህን ያህል ዕድሜ አለው።

ቀጣዩ ትልቅ እርምጃ የተወሰደው በፓሪስ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በሴን ዣክ ገዳም የነበሩ የዶሚኒካን መነኮሳት፣ ሁግ ደ ሴን ሼር በሚባለው አባታቸው መሪነት፣ የላቲኑን መጽሐፍ ቅዱስ ቃል በቃል ዘርዝረው እያንዳንዱ ቃል የት የት እንደሚገኝ ጻፉ። በዚያን ጊዜ የቁጥር ክፍፍሉ ገና ስላልነበረ እያንዳንዱን ምዕራፍ በግምት በሰባት ከፍለው ለየክፍሉ ፊደል ሰጡት። «ይህ ቃል በዚህ መጽሐፍ፣ በዚህ ምዕራፍ፣ በዚህ ፊደል ሥር ነው» እያሉ መዘገቡ።

ሥራው ትልቅ ቢሆንም ጉድለት ነበረው። አድራሻውን እንጂ ቃሉ ከምን ከምን ጋር እንደተነገረ አይገልጽም። ሰባኪው አንድ ጥቅስ ለማግኘት አሥርና ሃያ ቦታ መግለጥ ነበረበት። ቀጥሎ የተዘጋጀው ማውጫ ከየቃሉ ጋር ረጅም ጥቅስ ጨመረ፤ በዚህም ምክንያት ከመጠን በላይ ገዘፈ። ሦስተኛው ዝግጅት ጥቅሱን አሳጥሮ መካከለኛውን መንገድ ያዘ። «አድራሻ ብቻ ይያዝ? ወይስ ቃሉ የተነገረበት ዐውድም ይጨመር? ሲጨመርስ ቦታው ምን ያህል ይፈጃል?» የሚለው የመነኮሳቱ ክርክር ዛሬም የፍለጋ ሶፍትዌር በሚጽፉ ሰዎች ዘንድ እንዳለ አለ።

መነኮሳቱ ያደረጉት በአጭሩ መጽሐፉን መገልበጥ ነው። መጽሐፍ ከገጽ ወደ ቃል ይወስዳል፤ ማውጫ ከቃል ወደ ገጽ ይመልሳል። የኮምፒውተር ባለሙያዎችም ዛሬ ይህንኑ ነገር «የተገለበጠ ማውጫ» ብለው ይጠሩታል።

ከብራና ወደ ማሽን ያሻገረው ደግሞ ሌላ መነኩሴ ነው። ጣሊያናዊው ኢየሱሳዊ ሮቤርቶ ቡሳ የቶማስ አኩዊናስን ሥራዎች በሙሉ በቃል ለማውጣት ቆርጦ ተነሣና እ.ኤ.አ. በ1949 የአይቢኤምን ኃላፊ ቶማስ ዋትሰንን አግኝቶ የኩባንያውን የካርድ ማሽኖች ለመጠቀም ድጋፍ ጠየቀ። ሥራው ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጅቶ 56 ጥራዝ ሆኖ ታተመ። ቡሳን ወደዚህ የመራው ገጠመኝ ትምህርት አለው። ስለ «መገኘት» ሐሳብ ሲያጠና ቁልፉ ቃል ትልቁ የፍልስፍና ቃል ሳይሆን ትንሹ የላቲን መስተዋድድ፣ በአማርኛ «በ» ወይም «ውስጥ» የሚባለው፣ ሆኖ አገኘው። ማውጫ አዘጋጆች ግን እንዲህ ያሉ ትናንሽ ቃላትን «አይረቡም» ብለው ይዘሏቸዋል። ማውጫው ውስጥ ምን እንደተጣለ የማያውቅ ሰው ምን እንዳጣም አያውቅም።

ሦስት ቁጥሮች፦ 11፣ 8፣ 2

በዚህ ዘመን በብዙ መሥሪያ ቤቶች፣ ቤተ መጻሕፍትና ድረ ገጾች ሥር የሚሠራው የፍለጋ ሞተር ሉሲን ይባላል። ሶልርና ኢላስቲክሰርች የሚባሉት ታዋቂ ሥርዓቶችም የቆሙት በእርሱ ላይ ነው። የጻፈው ዳግ ከቲንግ ነው። ከቲንግ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል፣ በአፕልና በኤክሳይት ፍለጋ ላይ ሲሠራ ከቆየ በኋላ በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ በጃቫ ቋንቋ ሉሲንን ጻፈ። ስሙን ያገኘው ከሚስቱ የመካከል ስም ነው። በ2000 ሶፍትዌሩን ለሕዝብ ክፍት አደረገው፤ በ2001 ወደ አፓቺ ድርጅት ገባ።

ሉሲን ማውጫውን በዲስክ ላይ የሚያስቀምጥበት መንገድ ለዓይን አይመችም። ሰነዶች ሲገቡ «ሴግመንት» የሚባሉ ትናንሽ ማውጫዎች ይፈጠራሉ። አንድ ሴግመንት አንዴ ከተጻፈ በኋላ አይነካም። አዲስ ሰነድ ሲመጣ አዲስ ሴግመንት ይጨመራል፤ ሲበዙ ደግሞ ተዋሕደው አንድ ትልቅ ይሆናሉ። በየሴግመንቱ ውስጥ የቃላት ዝርዝር፣ የየቃሉ አድራሻ፣ ቃሉ በሰነዱ ውስጥ ስንተኛ ቦታ ላይ እንዳለ የሚናገር መረጃና የሰነዱ ዋና ጽሑፍ በየፋይላቸው ይቀመጣሉ።

ቦታ ለመቆጠብ የተደረገው ብልሃት ደግሞ ነገሩን ጭራሽ ይደብቀዋል። «ቡና» የሚለው ቃል በ5ኛው ሰነድ አንዴ፣ በ9ኛው ሰነድ ሁለቴ ይገኛል እንበል። ሰው ቢጽፈው «5 አንዴ፣ 9 ሁለቴ» ይል ነበር። ቀደምት የሉሲን ቅጂዎች የሚጽፉት ግን «11፣ 8፣ 2» ብለው ነው። 5 በሁለት ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት 11 ይሆናል፤ ቁጥሩ ጎዶሎ መሆኑ «አንዴ ብቻ ነው፣ ሌላ ቁጥር አትጠብቅ» ማለት ነው። ቀጥሎ 9 ራሱ አይጻፍም፤ ከ5 ያለው ልዩነት፣ ማለትም 4፣ በሁለት ተባዝቶ 8 ይሆናል። ሙሉ ቁጥር መሆኑ «ስንት ጊዜ እንደሆነ ቀጥሎ ተጽፏል» ማለት ነው፤ ቀጥሎ ያለው 2 መልሱ ነው። ከ128 በታች የሆነ ቁጥር በአንድ ባይት ስለሚያልቅ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አድራሻዎች በትንሽ ቦታ ይታሸጋሉ።

ብልሃቱ ፍለጋን ርካሽና ፈጣን አድርጎታል። ዋጋውም አለው። የመነኮሳቱን ማውጫ የተማረ ሰው ሁሉ አንብቦ ስሕተቱን ሊያርም ይችል ነበር። «11፣ 8፣ 2»ን ግን ከማሽኑ በቀር የሚያነበው የለም። ማውጫው ሲሳሳት ማን ያየዋል?

ሣጥኑን የከፈቱት

ለዚህ መልስ የሰጠው ፖላንዳዊው መሐንዲስ አንድሬ ቢያሌትስኪ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ «ሉክ» የሚባል መሣሪያ ሠራ፤ በእኛ አጠራር ሉቃስ መሆኑ ነው። ሉክ የሉሲንን ማውጫ ከፍቶ የታሸገውን ለሰው ዓይን ይተረጉማል። ስንት ሰነድ አለ? ስንት ልዩ ልዩ ቃል አለ? በብዛት የተደጋገሙት የትኞቹ ናቸው? ይህ ቃል በየትኞቹ ሰነዶች፣ በስንተኛ ቦታ ላይ ይገኛል? ለዚህ ሁሉ መልስ ይሰጣል።

በብዙ ቦታ የሚያጋጥመው ነገር ተመሳሳይ ነው። ፍለጋው ስለማይሠራ ባለሙያው የጥያቄውን አጻጻፍ ለቀናት ይቀያይራል። በመጨረሻ ማውጫውን ሲከፍት ችግሩ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ተቀምጦ ያገኘዋል፤ ቃሉ ከነሥርዓተ ነጥቡ ገብቷል፣ ወይም ለሁለት ተቆርጧል፣ ወይም ከነጭራሹ አልገባም።

ሉክ ግን ለብዙ ዓመታት ከሉሲን ውጭ፣ በጥቂት በጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ የቆየ መሣሪያ ነበር። ሉሲን በተለወጠ ቁጥር መሣሪያው ወደ ኋላ ይቀራል፤ አንድ ሰው ደግሞ ያድሰዋል። በኋላ ዲሚትሪ ካን አስተዳደረው፤ ቶሞኮ ኡቺዳ እንደገና ጻፈችው። በ2019 ከሉሲን 8.1 ጋር የፕሮጀክቱ አካል ሆኖ ገባ። ሞተሩ በአፓቺ ቤት ውስጥ 18 ዓመት ከኖረ በኋላ ነው መክፈቻው ቤተኛ የሆነው።

ማውጫው መጽሐፉን ሲመልስ

ማውጫን ከፍቶ ማየት ስሕተትን ከማረም ያለፈ ኃይል እንዳለው ዓለም የተረዳው ግን ከሉክ በፊት ነው።

ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ጥንታውያን ጥቅሎች ተገኙ። ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። ሙሉ ቃላቸው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው የመጽሐፈ ሄኖክና የመጽሐፈ ኩፋሌ ጥንታዊ ቁርጥራጮች፣ ሄኖክ በአራማይክ ኩፋሌ በዕብራይስጥ፣ ከእነዚያው ዋሻዎች ወጥተዋል። ይሁንና ከጥቅሎቹ ብዙዎቹ በጥቂት ሊቃውንት እጅ ተይዘው ለአሥርት ዓመታት ሳይታተሙ ቆዩ። ሌላው ተመራማሪ «ቆይ ይታተማል» እየተባለ አረጀ።

እነዚህ ሊቃውንት በ1950ዎቹ ለራሳቸው ሥራ እንዲረዳቸው የቃላት ማውጫ በካርድ አዘጋጅተው ነበር። በየካርዱ ላይ አንድ ቃል፣ አጠገቡ ያሉት ቃላት፣ የሚገኝበት ቁርጥራጭና መስመር ተጽፏል። በ1988 ይህ ማውጫ በጣም በጥቂት ቅጂ ታተመ። ጽሑፉ ተቆልፏል፤ ማውጫው ግን «ማውጫ ብቻ ነው» ተብሎ ወጣ።

በሲንሲናቲ ሂብሩ ዩኒየን ኮሌጅ የነበሩት ቤን ዚዮን ዋኮልደርና ተማሪያቸው ማርቲን አቤግ ሌሎች ያላስተዋሉትን አስተዋሉ። ቃሉ፣ ጎረቤቱና መስመሩ ከታወቀ ካርዶቹን እንደ ሰንሰለት መልሶ መቀጠል ይቻላል። በኮምፒውተር እየታገዙ ከማውጫው ጽሑፉን መልሰው ሠሩና በመስከረም 1991 የመጀመሪያውን ክፍል አሳተሙ። በዚያው ወር በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሀንቲንግተን ቤተ መጻሕፍት የጥቅሎቹን ፎቶግራፎች ለተመራማሪዎች ሁሉ ከፈተ። ለዓመታት የቆየው ቁልፍ በወራት ውስጥ ተሰበረ።

ሉክም ይህንኑ የሚያደርግ ክፍል ነበረው። የሰነዱ ዋና ጽሑፍ በማውጫው ውስጥ ባይቀመጥም እንኳ እያንዳንዱ ቃል ስንተኛ ቦታ ላይ እንዳለ ከተመዘገበ፣ መሣሪያው ቃላቱን በቦታቸው መልሶ ደርድሮ ሰነዱን በአብዛኛው ያስነብባል። አንዳንድ ድርጅት «ዋናውን ሰነድ አናስቀምጥም፣ የምንይዘው የፍለጋ ማውጫ ብቻ ነው» ሲል ደንበኛው ምሥጢሩ እንደተጠበቀ ያስባል። የቁምራን ታሪክ ግን ይህ ዋስትና እንዳልሆነ ያሳያል። ማውጫ የመጽሐፉ ጥላ አይደለም፤ ራሱ መጽሐፉ ነው፣ ቅደም ተከተሉ የተለወጠ መጽሐፍ።

መሰረዝም እንዲሁ ነው። የሉሲን ሴግመንት ከተጻፈ በኋላ ስለማይነካ አንድ ሰነድ «ተሰረዘ» ሲባል ቃሎቹ ወዲያው አይጠፉም። ሌላ ፋይል ላይ «ይህን ሰነድ አታሳዩ» የሚል ምልክት ይደረጋል እንጂ ባይቶቹ ባሉበት ይቆያሉ። በእርግጥ የሚወገዱት ሴግመንቶች ሲዋሐዱ ነው፤ ይህም ዛሬ ሊሆን ይችላል፣ ከወራት በኋላም ሊሆን ይችላል። ለተጠቃሚው የሚታየው «ተሰርዟል» እና በዲስኩ ላይ ያለው እውነት በመካከላቸው ጊዜ አለ። በዚያ ጊዜ ማውጫውን ከፍቶ የሚያይ ሰው «የጠፋውን» ያነባል። ዜጎች «መረጃዬ ይጥፋልኝ» የማለት መብት አላቸው ሲባል መብቱ የሚፈጸመው ወይም የሚጣሰው እዚህ ደረጃ ላይ ነው።

ጋኔን የማውጣት ትእዛዝ

ማውጫው በሰው ስሕተት ብቻ አይበላሽም። በሐምሌ 2011 ጃቫ 7 ሲወጣ የሉሲን ማኅበረሰብ በዚያው ቀን «አትጠቀሙበት» የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ። አዲሱ ጃቫ ፕሮግራምን ለማፍጠን ሲል አንዳንድ ተደጋጋሚ ስሌቶችን በተሳሳተ መንገድ ይተረጉም ነበር። አንዳንዴ ፕሮግራሙ ይወድቃል፤ ያ ይታያል፣ ይሻላል። የሚያስፈራው ፕሮግራሙ ሳይወድቅ የተሳሳተ ነገር ወደ ማውጫው የሚጽፍበት ጊዜ ነው። የሉሲን ኮድ ስሕተት የለበትም፤ የተጻፈው ግን ስሕተት ነው። ጃቫን ያወጣው ኩባንያ ጉድለቱን በተከታይ ማሻሻያዎች አስተካከለው።

እንዲህ ላለው ጊዜ ሉሲን «ማውጫ መርማሪ» የሆነ ትእዛዝ አለው። እያንዳንዱን ሴግመንት ከፍቶ ቃላቱን፣ አድራሻውንና ቆጠራውን እያመሳከረ የቱ ጤነኛ፣ የቱ የተበላሸ እንደሆነ ይናገራል። የተበላሸውን አስወግዶ ቀሪውን የሚያድን አማራጭም አለው። አማራጩ በፊት «ጠግን» የሚል ስም ነበረው። ስሙ ግን አሳሳች ነው፤ ምንም አይጠግንም፣ የተበላሸውን ሴግመንት ከነሰነዶቹ አውጥቶ ይጥላል። ስለዚህ በኋለኞቹ ቅጂዎች «ጋኔን አውጣ» በሚል ስም ተተካ። ጸበል ሲረጭ ያየ ሰው ስሙን በደንብ ይረዳዋል፤ የሚወጣው ነገር ሲወጣ ሌላም ነገር ይዞ ሊወጣ ይችላል። ስሙ የተለወጠው ሰዎች ሳያስቡ ትእዛዙን እየሰጡ ሰነዶቻቸውን እንዳያጡ ነው።

በ2012 በወጣው ሉሲን 4.0 ደግሞ የማውጫው አጻጻፍ ራሱ ሊቀያየር የሚችል ሆነ። ከቀረቡት አጻጻፎች አንዱ ሁሉንም ነገር በተራ ጽሑፍ ያስቀምጣል። ቃሉ፣ ሰነዱ፣ ቦታው በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ተከፍቶ ይነበባል። አዘጋጆቹ «ለመዝናኛ ብቻ» ብለው ጻፉበት፤ ዝግተኛና ግዙፍ ስለሆነ ለከባድ ሥራ አይሆንም። ለመማር ግን የተሻለ የለም። ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የሴን ዣክ መነኮሳት ማውጫ፣ በሰው ዓይን የሚነበበው፣ ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል።

አማርኛ ማውጫው ውስጥ ምን ይመስላል?

ይህ ሁሉ ለአማርኛ አንባቢ ለምን ያስፈልጋል? ማውጫውን ከፍቶ ለሚያይ ሰው አማርኛ እስካሁን ያልተመለሱ ጥያቄዎቹን የሚያሳየው እዚያው ስለሆነ ነው።

የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቁጥሮች አገኘ። ከዚያ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ ፎንቶች የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ የሚያስቀምጡ ነበሩ። በእነዚያ የተጻፈ ሰነድ በስክሪን ላይ አማርኛ ነው፤ ማውጫው ውስጥ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ክምር ነው። ሰነዱ አለ፤ በአማርኛ የሚፈልገው ሰው ግን መቼም አያገኘውም።

በዩኒኮድ የተጻፈውም ከችግር አላመለጠም። የቀደምት ሉሲን መደበኛ ቃል ከፋይ «ፊደል» ብሎ የሚቆጥረው አንድ ሰፊ የዩኒኮድ ክልልን በጅምላ ነበር። በዚያ ክልል ውስጥ ከግዕዝ ፊደላት ጋር ሁለት ነጥቡና አራት ነጥቡም ይገኙ ነበር። ስለዚህ «ሀገር» አንድ ቃል፣ «ሀገር።» ሌላ ቃል ሆኖ ይመዘገባል። በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ የዋለ ቃል ሁሉ ከነአራት ነጥቡ ይገባና ለፈላጊው ይሰወራል። በአማርኛ ደግሞ ግሡ የሚቀመጠው መጨረሻ ላይ ነው! ይህ በኋለኞቹ ቅጂዎች ተስተካከለ፤ በ2011 ደግሞ ሉሲን 3.1 የዩኒኮድን የቃል አከፋፈል ደንብ ተቀበለ። ማውጫውን ከፍቶ ያየ ሰው በአንድ ደቂቃ የሚያገኘው ጉድለት ነው፤ ያልከፈተው ግን «አማርኛ ለፍለጋ አይመችም» ብሎ ቋንቋውን ይወቅሳል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» አንድ ድምፅ ናቸው። ማውጫው ውስጥ ግን «ሀ» 225፣ 136፣ 128 ነው፤ «ሐ» 225፣ 136፣ 144፤ «ኀ» ደግሞ 225፣ 138፣ 128። ማሽኑ ጆሮ የለውም፤ የሚያየው ቁጥር ነው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል በስድስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ «ሥ» በሁለት፣ «ሴ» በሁለት። ስድስት በሁለት በሁለት ሲባዛ 24 ይሆናል። አጣብቆ ወይም ለያይቶ መጻፉ ሲጨመር 48። አንድ ሰው፣ አንድ ስም፣ 48 መልክ።

ጉዳቱ ባለመገኘት ብቻ አያበቃም። ካረን ስፓርክ ጆንስ በ1972 ባቀረበችው ሐሳብ መሠረት የፍለጋ ሞተሮች በጥቂት ሰነዶች ብቻ ለሚገኝ ቃል ከፍ ያለ ክብደት ይሰጣሉ። ሐሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን አንድ ቃል በአጻጻፍ ምክንያት ሲበታተን ማንም የማይጠቀምበት አጻጻፍ «ብርቅ» ተብሎ ከፍተኛውን ክብደት ያገኛል፤ የተለመደው ዝቅ ይላል። የውጤቱ ቅደም ተከተል ራሱ ይዛባል።

ሦስተኛው የፊደሉ ተፈጥሮ ነው። በላቲን ፊደል ለሚጻፍ ቋንቋ የቃሉን መጀመሪያ ጽፎ «በዚህ የሚጀምሩትን ሁሉ አምጣ» ማለት ይቻላል። በአማርኛ «ሀገር» ብሎ የጀመረ ሰው «ሀገራችን»ን እና «ሀገሪቱ»ን አያገኝም። «ር» ወደ «ራ» ወይም ወደ «ሪ» ሲለወጥ ቁጥሩም አብሮ ስለሚለወጥ ነው። ከፊት የሚለጠፉት «የ»፣ «ለ»፣ «በ»፣ «ከ» ደግሞ ቃሉን በማውጫው ውስጥ ወደ ሌላ ሰፈር ይወስዱታል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በግዕዝ መዝገበ ቃላታቸው ቃላትን በየሥራቸው ሰብስበዋል፤ የአንድ ቤተሰብ ልጆች አንድ ቤት ያድራሉ። የፍለጋ ማውጫው ግን ልጆቹን በየጎዳናው በትኖ ይመዘግባቸዋል።

መፍትሔ ያልተሞከረ አይደለም። ነጋ ዓለማየሁና ፒተር ዊሌት በ2002 የአማርኛን ቃላት ወደ ግንዳቸው የሚመልስ ዘዴ አሳትመዋል። አጠላች ዓለሙና ላርስ አስከር በስቶክሆልም በአማርኛ ጠይቆ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ስለማግኘት ሠርተዋል። ዕውቀቱ አለ። ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው በጥናቱና በማውጫው መካከል ያለው ድልድይ ነው። ሉሲን የዐረብኛ፣ የሂንዲ፣ የቤንጋሊና የሌሎች በርካታ ቋንቋዎችን ተንታኞች ይዞ ሲሠራጭ የአማርኛ ለረጅም ዓመታት አልነበረበትም።

«ፊደላችን ይጥፋ ወይ?»

እዚህ ላይ የሚነሣ ክርክር አለ። «ሞክሼዎቹን አንድ እናድርግ ማለት ፊደል መቀነስ ነው፤ ሠረቀ ወጣ፣ ሰረቀ ሌባ ሆነ፤ ልዩነቱ ትርጉም አለው» ይባላል። ስጋቱ መሠረት አለው። ግን መጽሐፍንና ማውጫን ካለመለየት የመጣ ነው።

ሉሲን ሰነዱን ሲቀበል ሁለት ነገር ይይዛል። አንዱ እንደተጻፈው የሚቀመጠው ዋናው ጽሑፍ ነው፤ ለአንባቢው ተመልሶ የሚታየው እርሱ ነው። ሌላው ለፍለጋ የሚያገለግለው ማውጫ ነው። ሞክሼዎችን አንድ ማድረግ የሚነካው ሁለተኛውን ብቻ ነው። በዋናው ጽሑፍ ላይ ከንጉሡ «ሠ» አንድ ጭረት አይጎድልም። የእንግሊዝኛ ማውጫዎች ትልቁንና ትንሹን ፊደል አንድ ማድረግ ከጀመሩ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ በዚህ ምክንያት የእንግሊዝኛ ትልቅ ፊደል ጠፋ ያለ የለም። ልዩነቱን መጠበቅ የሚፈልግ ደግሞ ሁለቱንም መልኮች በአንድ ቦታ ላይ መመዝገብ ይችላል፤ ሉሲን ይፈቅዳል። ትክክለኛውን አጻጻፍ የጻፈ ቀድሞ እንዲገኝ፣ ሌላውም እንዳይቀር ማድረግ ይቻላል።

ይህን ለመወሰን ግን የሚወስነው ሰው ማውጫውን ያየ መሆን አለበት። ዛሬ በአማርኛ የሚጻፈው ከምንጊዜውም ይበልጣል። ጋዜጦች፣ የሕግ ሰነዶች፣ የታሪክ መጻሕፍት በየቀኑ ወደ ዲጂታል እየተለወጡ ነው። ሰነዱን ስካን አድርጎ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ግማሽ ሥራ ነው። ቀሪው ግማሽ አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ ቁጭ ብሎ የቃላቱን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች እንዲያየው ማድረግ ነው። «ሀገር።» ከነአራት ነጥቡ ተቀምጧል? «ዓመት» እና «አመት» ተለያይተዋል? በአማርኛ መካከል የላቲን ምልክት ክምር አለ? ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሉክ በነፃ ይገኛል። የሚጠይቀው አማርኛ የሚያነብ ዓይን ነው፤ ያ ዓይን ደግሞ ከውጭ አይመጣም።

የሴን ዣክ መነኮሳት ማውጫቸው ጉድለት እንዳለበት ያወቁት ሲጠቀሙበት ስላነበቡት ነው፤ ስላወቁም ሁለቴ ደግመው ሠሩት። የቁምራን ጽሑፎች የወጡት ማውጫን እንደ ማውጫ ብቻ ያላዩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። የአማርኛ ጽሑፍም ከ«አልተገኘም» በስተጀርባ ተቀምጦ የሚጠብቅ ብዙ ነገር አለው። አልጠፋም። በሌላ ቁጥር ተመዝግቧል፤ ከፍቶ የሚያነበው ይፈልጋል።